የአደጋ ጥሪ ከአራዳ እስከ ገጠር ወረዳ፤ ማን ይከፍላል? ማን ያዛል? ማንስ ይጠግናል?

በገጠሩ የአገራችን ክፍል ቤት ሲቃጠል፣ ሰው ከገደል ሲወድቅ ወይም ወላድ ሴት ስትጨነቅ በመጀመሪያ የሚሰማው እሪታ ነው። እሪታውን የሰማ ሁሉ የያዘውን ሥራ ጥሎ፣ እሳት ከሆነ በእንስራ ውሃ ይዞ፣ ሕመም ከሆነ ቃሬዛ አዘጋጅቶ ይሮጣል። ሰምቶ የቀረ ሰው በቀዬው ዘንድ መወቀሱ፣ አንዳንዴም በሽማግሌ ፊት መጠየቁ አይቀርም። እንግዲህ ይህ ልማድ ቴሌፎን ወደ አገራችን ከመግባቱ ከብዙ ዘመናት በፊት የነበረ የአደጋ ጊዜ ጥሪ ሥርዓት ነው።

በአዲስ አበባ የጥንቱ እምብርት በሆነው በአራዳ ደግሞ «እሪ በከንቱ» የተባለ ሠፈር ይገኛል። ስያሜው እንዴት እንደ ወጣ ሲነገር፣ በዚያ ገደላማ ሥፍራ በሌሊት ቀማኛ ያገኘው መንገደኛ ቢጮህ የሚደርስለት ስላልነበረ ነው ይባላል። ከሠፈሩ ስም የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ጩኸት ብቻውን ሕይወት አያድንም። የሚሰማ ጆሮ፣ የሚነሣ እግር፣ ለመንገድም የሚሆን ስንቅ አስቀድሞ የተዘጋጀ መሆን አለበት።

በዛሬው ጊዜ እሪታውን በአብዛኛው ስልክ ተክቶታል። ይሁንና ስልኩ ተደውሎ፣ ሰው አንሥቶት፣ አምቡላንሱ ወይም የእሳት አደጋ መኪናው ተነሥቶ እስኪደርስ ድረስ ያለው ሥራ ሦስት ጥያቄዎችን ያስከትላል። ወጪውን ማን ይሸፍናል? ሥራውን ማን ይመራል? መሣሪያው ሲበላሽስ ማን ይጠግናል? በዚህ ጽሑፍ እነዚህን ጥያቄዎች ከአራዳና ከፒያሳ ተነሥተን እስከ ገጠር ወረዳ ድረስ ለመመልከት እንሞክራለን።

ከአራዳ ዘበኛ እስከ ሦስት አሃዝ ቁጥር

አራዳ ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ የነበረው የከተማይቱ ዋና ገበያ ነበር። በኋላ የጣሊያን ወራሪዎች ገበያውን ወደ ዛሬው መርካቶ አዛወሩት። የገጠሩ ገበሬ እህሉንና ከብቱን፣ ነጋዴውም ጨውንና አቡጀዲውን ይዞ የሚገናኘው በአራዳ ነበር። ሕዝብ በበዛበት ሥፍራ ጠብና ስርቆት ስለማይጠፋ ጸጥታውን የሚጠብቅ «የአራዳ ዘበኛ» የሚባል ኃይል ተቋቋመ። የተበደለ ሰው ሲጮህ የሚደርስለት ይኸው ዘበኛ ነበር።

ቴሌፎን ወደ አገራችን የገባው በዚያው በምኒልክ ዘመን ሲሆን፣ ከሐረር እስከ አዲስ አበባ የተዘረጋው 477 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው መስመር የመጀመሪያው ትልቅ ሥራ እንደ ነበር ይታወቃል። በዚያ ጊዜ ስልክ በይበልጥ የመንግሥት ጉዳይ መፈጸሚያ ነበር። መልእክቱን የሚቀበለውና የሚያስተላልፈው ስልከኛ ሲሆን፣ ተራው ሕዝብ በችግሩ ጊዜ የሚጠቀምበት መሣሪያ አልነበረም። የቴሌኮሙኒኬሽን ሥራ ራሱን በቻለ ቦርድ እንዲመራ በአዋጅ የተወሰነው በ1945 ዓ.ም. ነው። የሞባይል ስልክ አገልግሎት የተጀመረው በ1991 ዓ.ም. ነው። በ2015 ዓ.ም. መስከረም ወር ደግሞ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በአዲስ አበባ ሥራ በመጀመሩ፣ በከተማይቱ እስከዚያ ድረስ በአንድ የመንግሥት ድርጅት ብቻ ይሰጥ የነበረው አገልግሎት በሁለት ድርጅቶች መሰጠት ጀመረ።

በአሁኑ ጊዜ በአዲስ አበባ እሳትና ልዩ ልዩ ድንገተኛ አደጋ ሲደርስ የከተማው የእሳትና አደጋ ሥጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን በ939፣ ፖሊስ በ991፣ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር አምቡላንስ በ907 ይጠራሉ። ከእነዚህም ሌላ በ2000 ዓ.ም. ገደማ የተቋቋመውና በ8035 ሲጠራ የቆየው ጠብታ አምቡላንስ የተባለ የግል ድርጅት አለ። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ወደ አገራችን በገባ ጊዜ ደግሞ የኢትዮጵያ ኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት 8335ን ለሕዝብ ሲያስተዋውቅ፣ ክልሎችም የየራሳቸውን አጭር ቁጥር አውጥተው ነበር።

እንግዲህ የቁጥር እጥረት የለም። ችግሩ ያለው ከቁጥሩ በስተጀርባ ነው።

አንድ ወንበር አምስት ሰው ይፈልጋል

የአደጋ ጥሪ መቀበያ ሥራ ከውጭ ሲታይ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ስልክና አንድ ሠራተኛ ብቻ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ስሌቱን ለሚያውቀው ሰው ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም። አንድ ሳምንት 168 ሰዓት አለው። አንድ ሠራተኛ በአገራችን ሕግ በሳምንት ሊሠራ የሚችለው መደበኛ ሰዓት ከ48 አይበልጥም። ስለዚህ አንድ የጥሪ ወንበር ሌሊትና ቀን፣ በዓመት በዓልም ሳይቀር ባዶ እንዳይሆን ለማድረግ ሦስት ሰው ተኩል ያህል ያስፈልጋል። የዓመት ዕረፍት፣ ሕመም፣ የወሊድ ፈቃድና ሥልጠና ሲታሰብ ቁጥሩ አምስት ይደርሳል። አራት ወንበር ያለው ክፍል ሃያ ሠራተኛ ይፈልጋል ማለት ነው። በዚህ ላይ የአሽከርካሪው፣ የሕክምና ባለሙያው፣ የነዳጁ፣ የጎማውና የመለዋወጫው ወጪ ይታከላል።

ደዋዩ ለጥሪው አንድ ሳንቲም ላይከፍል ይችላል። ይህም ተገቢ ነው፤ በሞትና በሕይወት መካከል ያለ ሰው ሒሳብ ሞልቶ እንዲደውል ሊጠበቅበት አይገባም። ይሁን እንጂ ደዋዩ አልከፈለም ማለት ወጪ የለም ማለት ስላልሆነ አንድ ወገን መክፈሉ የግድ ነው።

በዚህ ረገድ በአገራችን የታዩት መንገዶች የተለያዩ ናቸው። የእሳት አደጋ አገልግሎት ወጪውን የሚያገኘው ከከተማው አስተዳደር በጀት ነው። በ1927 ዓ.ም. በጣሊያን ወረራ ዋዜማ የተመሠረተው የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር በአባላት መዋጮና በበጎ አድራጊዎች እርዳታ ላይ የተመረኮዘ ነው። የጠብታ አምቡላንስ መሥራች አቶ ክብረት አበበ ደግሞ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የማደንዘዣ ነርስ በነበሩበት ጊዜ ቁስለኛና ሕመምተኛ ያለ በቂ እርዳታ በታክሲ እየተጫነ ሲመጣ በማየታቸው፣ መኖሪያ ቤታቸውን ሸጠው ሦስት አምቡላንሶች በመግዛት ሥራ መጀመራቸው ይታወቃል። ድርጅቱም ከተጠሪዎች ከሚያገኘው ክፍያ በተጨማሪ የመጀመሪያ ሕክምና እርዳታ ሥልጠና በመስጠትና ለልዩ ልዩ ኩባንያዎች የሕክምና አገልግሎት በማቅረብ የአምቡላንሱን ሥራ ሲደግፍ ቆይቷል።

ሦስቱም መንገዶች የየራሳቸው ጥቅምና ጉድለት አላቸው። የበጀቱ መንገድ ሁሉንም ዜጋ ያቅፋል፤ ነገር ግን በጀት ሲጠብ በመጀመሪያ የሚቀነሰው ዓይን የማያየው ጥገናና ሥልጠና ነው። የበጎ አድራጎቱ መንገድ ሰብዓዊ ነው፤ ሆኖም ለጋሽ አዲስ መኪና መስጠቱን እንጂ ለአሮጌው መኪና ነዳጅ መግዛቱን እምብዛም አይወድም። የግሉ መንገድ ቀልጣፋ ሊሆን ይችላል፤ ዳሩ ግን መክፈል የማይችለው ድሃ ከደጅ ይቀራል።

የሌላውን ዓለም ልምድ ብንመለከት፣ በዩናይትድ ስቴትስ ከየስልክ ሒሳቡ ላይ ጥቂት ሳንቲም ለአደጋ ጥሪ እንዲቆረጥ ተደርጓል። ገንዘቡ አስተማማኝ ቢሆንም፣ አንዳንድ ግዛቶች ለዚህ ሥራ የተሰበሰበውን ገንዘብ ለሌላ ጉዳይ ማዋላቸውን የአገሪቱ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን በየዓመቱ በሚያወጣው ሪፖርት ሲያጋልጥ ቆይቷል። በሕንድ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2005 በሃይደራባድ የተጀመረው 108 የተባለው የአምቡላንስ ጥሪ፣ መንግሥት አብዛኛውን ወጪ እየሸፈነ ሥራውን ሌላ ድርጅት እንዲያካሂደው በማድረግ ወደ ብዙ ክፍላተ አገር ተስፋፍቷል። ከዚህ መረዳት የሚቻለው፣ ገንዘቡ ከየትም ይምጣ፣ ለታለመለት ዓላማ መዋሉን የሚቆጣጠር አካል እስከሌለ ድረስ መዋጮው ብቻውን ዋስትና አለመሆኑን ነው።

በአንድ አደጋ ሦስት ጥሪ

ሁለተኛው ጥያቄ የአመራር ነው። ለምሳሌ ያህል ከቸርችል ጎዳና ወደ ምኒልክ አደባባይ በሚወስደው ዳገት ላይ አንድ መኪና ፍሬን እምቢ ብሎት ተገለበጠ እንበል። ሰው ቆስሏል፣ ነዳጅ ፈሷል፣ መንገድ ተዘግቷል። ለቁስለኛው አምቡላንስ፣ ለነዳጁ የእሳት አደጋ ሠራተኛ፣ ለመንገዱ ትራፊክ ፖሊስ ያስፈልጋል። እግረኛው ግን የትኛውን ቁጥር አስቀድሞ ይደውል? ሁሉንም ለመደወልስ ጊዜ አለው? አንዱ መሥሪያ ቤት ጥሪውን ሲቀበል ለሌሎቹ ወዲያው የማስተላለፍ ግዴታና የተያያዘ መስመር ከሌለው፣ ሦስቱ ጥሪዎች በሦስት ክፍሎች ውስጥ ተበታትነው ይቀራሉ።

የእነዚህ መሥሪያ ቤቶች ተጠሪነትም የተለያየ ነው። የእሳት አደጋው ለከተማው አስተዳደር ሲሆን፣ ቀይ መስቀል ራሱን የቻለ ሰብዓዊ ማኅበር ነው። የስልኩ መስመር የቴሌኮም ድርጅቶች ነው። ድርጅቶቹን የመቆጣጠርና የስልክ ቁጥሮችን የማስተዳደር ሥልጣን ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 ለተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የተሰጠ ነው። እያንዳንዱ የየራሱን ድርሻ ቢወጣም፣ ጥሪው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የደረሰበትን ተከታትሎ «ይህ ሰው ለምን ዘገየበት?» ብሎ የሚጠይቅ አንድ ኃላፊ ከሌለ ጥፋቱ የማንም አይሆንም።

እንግሊዞች ይህን የተማሩት በሐዘን ነው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1935 በለንደን ዊምፖል በተባለ ጎዳና አንድ ቤት ተቃጥሎ አምስት ሴቶች ሞቱ። እሳቱን ያየ ጎረቤት ለእሳት አደጋ ቢደውልም፣ ጥሪው ከተራ ጥሪዎች ጋር ተሰልፎ ወረፋ በመጠበቅ ላይ ነበር። ጎረቤቱ ቅሬታውን በጋዜጣ ካወጣ በኋላ ጉዳዩ ተመርምሮ፣ እ.ኤ.አ. በሰኔ 1937 ለፖሊስ፣ ለእሳትና ለአምቡላንስ በአንድነት የሚያገለግለው 999 ሥራ ጀመረ። በዩናይትድ ስቴትስ የመጀመሪያው የ911 ጥሪ የተደረገው እ.ኤ.አ. በየካቲት 1968 አላባማ ውስጥ ሄሊቪል በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ቁጥሩ የተጀመረው ከትልቅ ከተማ ሳይሆን ከትንሽ ከተማ መሆኑን የገጠር ልማት ሠራተኞች ቢያስታውሱት መልካም ነው።

በአንድ ቁጥር መጠቀም ግን ብቻውን መፍትሔ አይደለም። ከበስተጀርባው ያሉት መሥሪያ ቤቶች ካልተስማሙ አንዱ ቁጥር የሚያደርገው ነገር ሦስቱን ወረፋዎች ወደ አንድ ረጅም ወረፋ መለወጥ ብቻ ይሆናል። በሌላ በኩል በብዙ ቁጥር የሚሠሩ መሥሪያ ቤቶችም ቢሆኑ፣ በመካከላቸው የጽሑፍ ስምምነትና ቀጥታ መስመር ካላቸው መልካም ውጤት ሊያገኙ ይችላሉ።

የቋንቋም ነገር መታሰብ ይኖርበታል። አዲስ አበባ በዙሪያዋ ካለው የኦሮሚያ ገጠር ጋር በገበያ፣ በሕክምናና በሥራ የተሳሰረች ከተማ ናት። ከእንጦጦ ማዶ የመጣ ሰው ፒያሳ ላይ አደጋ ቢያይ በአፋን ኦሮሞ መደወሉ የተለመደ ነገር ነው። ሰው በተደናገጠበት ጊዜ የሚቀናው የእናቱ ቋንቋ ስለሆነ፣ ጥሪ ተቀባዩ ወገን በየፈረቃው ይህን ችሎታ ሊያደራጅ ይገባል።

«ከዚያ ቤት ጀርባ» የሚባለው አድራሻ

በአራዳ የአደጋ ጥሪ ከሚሰናከልባቸው ነገሮች አንዱ አድራሻ ነው። የአዲስ አበባ ነዋሪ ቤቱን የሚያመለክተው በጎዳና ስምና በቁጥር ሳይሆን በምልክት ነው። «ከሰባ ደረጃ በታች»፣ «ራስ መኮንን ድልድይን ተሻግሮ»፣ «ዶሮ ማነቂያ፣ ከሥጋ ቤቱ ጀርባ» ማለት ለሠፈሩ ሰው በቂ ነው። ከሌላ ክፍለ ከተማ ለተመደበ ሾፌር ግን ምልክቱ ምንም አይነግረውም። ቀበሌው ወረዳ ሲሆን፣ ክፍለ ከተማው ሲሸነሸን የቆዩት ስሞችና ቁጥሮች ከአዲሶቹ ጋር ተደባልቀው በሕዝቡ አፍ ላይ ቀርተዋል።

በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ይህ ችግር አዲስ መልክ ያዘ። በዚያው ዓመት የካቲት ወር የዓድዋ ድል መታሰቢያ በፒያሳ ተመረቀ። ወዲያውም በኮሪደር ልማት ምክንያት ዶሮ ማነቂያን ጨምሮ የቆዩ ሠፈሮች ፈርሰው ነዋሪዎቹ ወደ ልዩ ልዩ የከተማይቱ ዳርቻዎች ተዛወሩ። የመንገዱ መስፋት ለእሳት አደጋ መኪና መግቢያ ምቹ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ሰው ለብዙ ዓመታት አድራሻ አድርጎ ሲጠቀምባቸው የነበሩት ቤቶችና መታጠፊያዎች አብረው ጠፍተዋል። የተዛወሩትም ቢሆኑ በአዲሱ መንደራቸው ምልክት ገና አላበጁም። በመሆኑም አዲስ መንገድ ሲሠራ የጎዳና ስምና የቤት ቁጥር በዚያው ጊዜ መለጠፉ፣ ይህም በጥሪ መቀበያው ካርታ ላይ መግባቱ እንደ ጌጥ ሳይሆን እንደ ሥራው አካል ሊታይ ይገባል።

የቤት ስልክ ዘመን አንድ ጥቅም ነበረው፤ ሽቦው የተተከለበት ቤት በቴሌ መዝገብ ላይ ይታወቃል። ሞባይል ግን ከሰው ጋር ይዞራል። ጥሪውን የተቀበለው ምሰሶ የሚነግረው ግምታዊ አካባቢውን ብቻ ሲሆን፣ በከተማ ይህ ብዙ ቤት፣ በገጠር ደግሞ በኪሎ ሜትሮች የሚቆጠር ዳገትና ቁልቁለት ሊያቅፍ ይችላል። በአውሮፓ ዘመናዊ ስልኮች ያሉበትን ቦታ ራሳቸው ለጥሪ ማዕከሉ እንዲልኩ የሚደረግበት ዘዴ በብዙ አገሮች ሥራ ላይ ውሏል። ይህ ዘዴ የቴሌኮም ድርጅቶችንና የአደጋ መሥሪያ ቤቶችን ስምምነት የሚጠይቅ እንጂ በየመንደሩ አዲስ ምሰሶ መትከልን የሚጠይቅ አይደለም።

የማይታየው ሥራ፤ ጥገና

ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. በእቴጌ ጣይቱ የተመሠረተውና የአገራችን የመጀመሪያው ሆቴል የሆነው ጣይቱ ሆቴል በፒያሳ እሳት ተነሥቶበት ከፊሉ ወድሟል። በአካባቢው ያሉት ብዙዎቹ ሕንፃዎች ወለላቸውና ጣሪያቸው እንጨት፣ የኤሌክትሪክ መስመራቸውም ያረጀ ነው። ከጀርባቸው ያሉት የጭቃ ቤቶች ደግሞ ጣሪያ ለጣሪያ የተነካኩ ናቸው። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. በመርካቶ ሸማ ተራ የደረሰው ከባድ ቃጠሎም ተጠጋግቶ በተሠራ ገበያ ውስጥ እሳት ምን ያህል ሊስፋፋ እንደሚችል አሳይቷል። በእንዲህ ያለ ሥፍራ ጥቂት ደቂቃ መዘግየት አንድ ቤት ብቻ የሚወስደውን እሳት ወደ ሙሉ ሠፈር ያዛምተዋል።

ደቂቃዎቹን የሚያተርፈው ደግሞ በሰላም ጊዜ የተደረገ ጥገና ነው። መብራት ሲጠፋ የጥሪ ክፍሉ ጄኔሬተር ይነሣል ወይ? ነዳጅስ አለው? የስልክ ምሰሶው ባትሪ ስንት ሰዓት ይቆያል? መንገድ ሲቆፈር ገመዱ ቢበጠስ ጥሪው የሚዞርበት ሌላ መስመር አለ ወይ? የአምቡላንሱ ጎማ፣ የኦክስጅኑ ሲሊንደር፣ የሬዲዮ መገናኛው መቼ ተፈተሸ? እነዚህ ጥያቄዎች ሪባን በመቁረጥ የሚመለሱ አይደሉም። በየሳምንቱ የሚሞላ ቅጽና ቅጹን አይቶ የሚቆጣ አለቃ ይፈልጋሉ።

ጥገና ሲጓደል የሚደርሰውን ጎረቤታችን ኬንያ አይታዋለች። የኬንያ ፖሊስ የ999 መስመር ከአሥር ዓመት በላይ ተቋርጦ ከቆየ በኋላ እንደገና ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2013 ነበር። በዚያ ሁሉ ጊዜ ቁጥሩን ሕዝቡ ያውቀው ነበር፤ የሚያነሣው ግን አልነበረም። ሕዝብ አንድ ጊዜ «አይነሣም» ብሎ ካመነ፣ መስመሩ ተጠግኖም እንኳ አመኔታውን ለመመለስ ዓመታት ይወስዳል። በአዲስ አበባም አብዛኛው ሕመምተኛ ወደ ሆስፒታል የሚደርሰው በአምቡላንስ ሳይሆን በታክሲ መሆኑን በሆስፒታሎች የተደረጉ ጥናቶች አሳይተዋል። ይህ የሚያመለክተው የመኪና እጥረትን ብቻ ሳይሆን ጥሪው ይደርሳል ብሎ የማመን እጥረትንም ጭምር ነው።

ጥገናውን የሚያፈርሰው የመሥሪያ ቤት ድካም ብቻ አይደለም። በየአገሩ የአደጋ መስመሮች የሚያሰሙት አንድ የጋራ አቤቱታ የሐሰት ጥሪ ነው። ልጆች ለጨዋታ፣ አዋቂዎችም ለቀልድ የሚደውሉት ጥሪ መስመር ይይዛል። መኪናውም በከንቱ ወጥቶ ሳለ እውነተኛው ጥሪ ይመጣል። ስልክ በእጁ ያለ ወላጅ ለልጁ ቁጥሩን ሲያስተምር፣ መቼ መደወል እንደሌለበትም አብሮ ማስተማር አለበት።

በገጠር ወረዳ

ይህ ሁሉ የከተማ ጉዳይ ብቻ አለመሆኑን የገጠር አንባቢዎቻችን በሚገባ ያውቃሉ። በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከተጀመረ ወዲህ የጤና ሠራተኞች በየቀበሌው ተመደቡ። ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮም መንግሥት በይበልጥ ለወላድ እናቶች እንዲያገለግሉ በመቶዎች የሚቆጠሩ አምቡላንሶችን ገዝቶ ለወረዳዎች አከፋፍሏል። በብዙ ቦታ በቃሬዛ የብዙ ሰዓት መንገድ ትጓዝ የነበረች ወላድ በመኪና መድረስ መቻሏ ትልቅ እርምጃ ነው።

ዳሩ ግን መኪናውን የገዛው ማዕከሉ ሲሆን፣ ነዳጁን፣ ጎማውን፣ የሾፌሩን ደመወዝና አበል የሚችለው ወረዳው ነው። በዓመቱ መጨረሻ በጀት ሲያልቅ አምቡላንሱ በጤና ጣቢያው ግቢ ይቆማል። መለዋወጫ ሲጠፋ ደግሞ ወደ ዞን ወይም ወደ ክልል ከተማ ተጎትቶ ሄዶ ለወራት ይቀራል። አምቡላንሱ ለስብሰባና ለአስተዳደር ሥራ ሲውል መታየቱም በጥናቶች የተመዘገበ ነው። ከዚህም በላይ በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ በትግራይ፣ በአማራና በአፋር ብዙ የጤና ተቋማትና አምቡላንሶች መዘረፋቸውና መውደማቸው፣ በአንዳንድ አካባቢዎችም ስልክ ለረጅም ጊዜ መቋረጡ የሚታወስ ነው።

የወረዳ ወሰንም ራሱን የቻለ መሰናክል ነው። በወሰን አጠገብ ያለች ወላድ ለእርሷ የሚቀርባት የጎረቤት ወረዳ አምቡላንስ ሊሆን ይችላል። ሾፌሩ ወሰን ተሻግሮ ቢሄድ ነዳጁ በማን ሒሳብ እንደሚያዝ ካልታወቀ፣ «የእናንተን ወረዳ ጥሩ» የሚል መልስ ትሰማለች። የጤና ባለሙያዎች እናቶችን የሚገድሉት ሦስት መዘግየቶች ናቸው ይላሉ፤ ለመሄድ ለመወሰን መዘግየት፣ በመንገድ መዘግየት፣ ከደረሱም በኋላ ሕክምና ለማግኘት መዘግየት። ያልተመለሰ ስልክና ያልተወሰነ ወሰን ሁለተኛውን መዘግየት ያራዝማሉ፤ ስልኩ እንደማይመለስ አስቀድሞ የሚታወቅ ከሆነም የመጀመሪያውን ይጨምራሉ።

ከእድር የሚወሰድ ትምህርት

መፍትሔ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በአራዳ መንደሮችም ሆነ በገጠር፣ እድር ለብዙ ዘመን የጥሪ ሥርዓት ሲያካሂድ ኖሯል። ሰው ሲሞት ጥሩንባ ነፊው ሌሊት ተነሥቶ መንደሩን ያዳርሳል። ጥሩንባ ነፊው ለድካሙ ተከፋይ ነው። ገንዘቡም ከወርኃዊ መዋጮ ይወጣል። ድንኳኑ፣ ወንበሩና ድስቱ በዕቃ ጠባቂ እጅ ተቆጥሮ ይቀመጣል፤ የተቀደደው ይሰፋል፣ የጎደለው ይተካል። ሰምቶ የቀረ አባል ይቀጣል። ዳኛውና ገንዘብ ያዡ በዓመት አንድ ጊዜ ለጉባኤው ሒሳብ ያቀርባሉ። በወሎ በኩል ያለው ቅሬም ሕመምተኛን በቃሬዛ ተሸክሞ ወደ ጤና ጣቢያ በማድረስ ጭምር ያገለግላል።

እድር የሚሠራው አባላቱ ሀብታም ስለሆኑ አይደለም። መዋጮው ትንሽ ቢሆንም ቋሚ፣ ኃላፊው የታወቀ፣ ዕቃው የሚቆጠር፣ ሒሳቡም በአደባባይ የሚነገር ስለሆነ ነው። ለሞተው ሰው ይህን ያህል የተደራጀ ኅብረተሰብ ገና ላልሞተው ሰው በዚያው ልክ መደራጀት አያቅተውም። በአንዳንድ ወረዳዎች ሕዝቡ ለአምቡላንስ መግዣና ለነዳጅ ገንዘብ ማዋጣቱ ይህንኑ ያረጋግጣል። እርግጥ ነው፣ የሕዝብ መዋጮ የመንግሥትን ግዴታ የሚተካ መሆን የለበትም። መዋጮውም ለነዳጅ ተብሎ ከተሰበሰበ ለነዳጅ ብቻ መዋል ይኖርበታል።

ስለዚህ በየወረዳው ምክር ቤትና በየቀበሌው ስብሰባ የሚከተሉት ጥያቄዎች በግልጽ ቢጠየቁ ይጠቅማል እንላለን። ባለፈው ወር ስንት ጥሪ መጣ? ስንቱ ተመለሰ? ከጥሪው እስከ መድረሻው ስንት ደቂቃ ፈጀ? አምቡላንሱ ስንት ቀን ቆመ? ለምንስ ቆመ? የነዳጁ በጀት እስከ ሰኔ ይደርሳል ወይ? ከጎረቤት ወረዳ ጋር በጽሑፍ የተደረገ ስምምነት አለ ወይ? በአዲስ አበባም ቢሆን የእሳት አደጋ፣ የፖሊስ፣ የቀይ መስቀልና የጤና ቢሮ ኃላፊዎች ከቴሌኮም ድርጅቶች ጋር ሆነው እነዚህኑ አኃዞች በየጊዜው ለሕዝብ ቢያቀርቡ፣ ነዋሪው በመስመሩ ላይ ያለው እምነት እየጠነከረ ይሄዳል።

ለዚህ ሁሉ ከሚያስፈልገው ነገር ውስጥ የመጀመሪያው አዲስ ማሽን አይደለም። የጥሪ መዝገብ፣ መዝገቡን የሚይዝ ሰው፣ መዝገቡንም አይቶ የሚጠይቅ ጉባኤ ነው። ይህ ዛሬውኑ በእጅ ባለ ደብተር ሊጀመር የሚችል ሥራ ስለሆነ ለነገ ሊባል አይገባውም።